ሆድ ጠግቦ አእምሮ ሲራብ

እ.ኤ.አ. በ1735 በሰሜን ስፔን፣ በአስቱሪያስ ግዛት፣ ጋስፓር ካሳል የሚባል ሐኪም ነበር። የሚኖረው በኦቪየዶ ከተማ ቢሆንም ከሚያክማቸው ሰዎች ብዙዎቹ በዙሪያው ካሉት ተራራማ መንደሮች የሚመጡ ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። ካሳል በእነዚህ ገበሬዎች ላይ ከዚያ በፊት በየትኛውም መጽሐፍ ተጽፎ ያላገኘውን በሽታ አየ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ መበርታት ስትጀምር የእጃቸው ጀርባ፣ እግራቸውና አንገታቸው ይቀላል፤ ከዚያም ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይቀረፋል። አንገትን ዙሪያውን የሚከበው ቁስል ዛሬም በሕክምና መጻሕፍት «የካሳል ሐብል» ተብሎ ይጠራል።

ካሳል ቆዳውን ብቻ አይቶ አላለፈም። ሕሙማኑን ከባድ ሐዘን ይጫናቸው እንደነበር፣ አንዳንዶቹም አእምሯቸውን እስከ መሳት ይደርሱ እንደነበር መዘገበ። ምን እንደሚበሉም ጠየቀ። መልሱ ተመሳሳይ ነበር፤ ዋናው ምግባቸው በቆሎ ነው፣ ሥጋ የሚቀምሱት አልፎ አልፎ ነው። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1762 ነበር። አእምሮን የሚነካ አንድ በሽታ ከገበታ ጋር መያያዙን በግልጽ ካስቀመጡት ቀደምት የሕክምና ሰነዶች አንዱ ይኸው የካሳል ጽሑፍ ነው። ያም ሆኖ ዓለም ነገሩን አምኖ እስኪቀበል 200 ዓመት ገደማ ፈጀ። ይህ ትረካ የዚያ መዘግየት ታሪክ ነው፤ ዓመቶቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

በቆሎ ባሕር ሲሻገር

በቆሎ ወደ አውሮፓ የገባው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ብዙ ምርት ስለሚሰጥና ርካሽ ስለሆነ በስፔን፣ በደቡብ ፈረንሳይና በሰሜን ጣሊያን የድሃው ዋና ቀለብ ሆነ። የሎምባርዲያና የቬኔቶ ገበሬ ስንዴውን ለባለ መሬቱ ካስረከበ በኋላ ለራሱ የሚቀረው ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋው ፖሌንታ ነበር። በ1771 ፍራንቼስኮ ፍራፖሊ የተባለ የሚላኖ ሐኪም ሕዝቡ በሽታውን በሚጠራበት ስም ጽሑፍ አወጣ፤ «ፔላግራ» የሚለው ስምም በሕክምናው ዓለም በዚያው ጸና።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰሜን ጣሊያን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች በፔላግራ ታማሚዎች ተጨናንቀው ነበር። ከቬኒስ አጠገብ በሳን ሰርቮሎ ደሴት ወደነበረው ማቆያ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ በዚህ በሽታ የተያዙ ገበሬዎች ነበሩ። ሐኪሞች ስለ መንስኤው አልተስማሙም። ቼዛሬ ሎምብሮሶ የመሩት ወገን ጥፋቱን የሻገተ በቆሎ ላይ ጣለ፤ በሻጋታው ውስጥ መርዝ አለ አለ። ሌሎች ደግሞ በቆሎ በራሱ ሰውነትን የሚገነባ ነገር ይጎድለዋል ብለው ተከራከሩ።

አንድ እንቆቅልሽ ግን ሁሉንም ግራ ያጋባ ነበር። በቆሎን ለሺህ ዓመታት ሲበሉ የኖሩት የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች እንዲህ ያለ ወረርሽኝ አልነበረባቸውም። ምስጢሩ በሴቶቹ እጅ ነበር። በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ወይም በአመድ ውሃ ቀቅለው ያሳድሩታል፤ በማግስቱ አጥበው ይፈጩታል፣ ቂጣውን ይጋግራሉ። በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት የሚፈታው ይህ አሠራር ነው። በተጨማሪም ባቄላ አብረው ይበሉ ነበር። በቆሎው ባሕሩን ሲሻገር የአበሳሰሉ ሙያ አብሮት አልተሻገረም።

የአላባማው ሆስፒታል

በ1906 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በማውንት ቨርነን፣ ለጥቁሮች ብቻ በተከለለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ወረርሽኝ ተነሣ። ጆርጅ ሰርሲ የተባለው ሐኪም በተከታዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት 88 ሰዎች መታመማቸውንና ከእነዚህ 57ቱ መሞታቸውን ገለጸ። አሜሪካውያን ሐኪሞች ፔላግራ በአገራቸው የለም ብለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። አንዴ ዓይናቸው ከተገለጠ በኋላ ግን በደቡብ ግዛቶች ሁሉ፣ በሆስፒታሉ፣ በማሳደጊያው፣ በጥጥ ፋብሪካው ሠፈር፣ በእኩል አራሹ ጎጆ ያገኙት ጀመር።

የደቡቡ ድሃ ቀለብ ሦስት ነገር ነበር፤ የበቆሎ ዱቄት፣ በጨው የቆየ የአሳማ ስብና ሞላሰስ። መሬቱ እስከ ቤቱ ደጃፍ ጥጥ ይዘራበታል፤ ለጓሮ አትክልትና ለላም የሚተርፍ ቦታ አልነበረም። በዚህ ላይ አዳዲስ የወፍጮ ማሽኖች ዱቄቱ ሳይበላሽ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ የበቆሎውን ፅንስ እያወጡ ይጥሉ ስለነበር፣ ድሮውንም ከበቆሎ የሚገኘው ጥቂት ጥቅም ጭራሽ ቀነሰ። ሰው በሆዱ ይጠግባል፤ ሰውነቱና አእምሮው ግን ይራባል።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቆዳ አልነበረም። ሰውየው መጀመሪያ እንቅልፍ ያጣል፤ ይነጫነጫል፣ ይፈራል፣ ሥራ ይሰለቸዋል፣ ሐዘን ይጫነዋል። ቆዳው የሚቆስለውና ተቅማጡ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ መቃዠት፣ መርሳትና አእምሮን መሳት ይከተላሉ። እስከዚያው ቤተሰብና ጎረቤት ሰነፍ ይሉታል፤ ሲብስበት ደግሞ እብድ ይሉትና ወደ ማቆያ ይወስዱታል። ማቆያው የሚቀልበው ያንኑ በቆሎ ነው።

በበጎ አድራጎት ገንዘብ መንስኤውን የሚያጠና ኮሚሽን በደቡብ ካሮላይና ስፓርታንበርግ ሥራ ጀመረ። ኮሚሽኑ የደረሰበት ድምዳሜ ፔላግራ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው የሚል ነበር። የዘር ውርስ ተመራማሪው ቻርልስ ዴቨንፖርት ደግሞ በሽታው በዘር ከሚወረስ ድክመት ጋር የተያያዘ ነው ሲል ጻፈ። ሁለቱም ማብራሪያዎች ባለሥልጣኑንም ባለ መሬቱንም ከተጠያቂነት ነጻ ያወጡ ነበር። ጥፋቱ ከጀርም ወይም ከደም ከሆነ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ዋጋ የሚጠይቅ የለም።

የጎልድበርገር ጥያቄ

በ1914 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ጆሴፍ ጎልድበርገርን ወደ ደቡብ ላከ። ጎልድበርገር በ1874 በኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኒውዮርክ የተሰደደ ነው። ወረርሽኝ ሲያሳድድ ራሱ በቢጫ ወባ፣ በዴንጊና በታይፈስ ታሞ ተርፏል። ተላላፊ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት ከማንም በላይ ያውቃል።

በየሆስፒታሉና በየማሳደጊያው ሲዞር አንድ ነገር ታዘበ። ሕሙማኑን የሚያጥቡት፣ የሚያለብሱት፣ አብረዋቸው የሚያድሩት አስታማሚዎች አይታመሙም። ተላላፊ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛውን በምን ይምረው ነበር? ሠራተኛው የሚበላው ግን ሌላ ነበር፤ ከወጥ ቤቱ የተሻለውን እየመረጠ ይወስዳል፣ ሥጋና ወተትም ያገኛል።

በሚሲሲፒ ጃክሰን ከተማ ሁለት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ነበሩ። በአንደኛው ከሁሉ በላይ የሚታመሙት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉት ልጆች መሆናቸውን ጎልድበርገር አየ። ሕፃናቱ ወተት ይሰጣቸዋል። ከ12 ዓመት በላይ ያሉት በእርሻና በቤት ሥራ ስለሚያግዙ ሥጋ ይደርሳቸዋል። መካከለኞቹ ግን ለወተት ትልቅ፣ ለሥራ ትንሽ ተብለው ከሁለቱም ቀርተዋል፤ ድርሻቸው የበቆሎ ቂጣ፣ ገንፎና ሞላሰስ ነበር። አንድ ጣሪያ፣ አንድ መኝታ፣ አንድ ውሃ የሚጋሩትን ልጆች ጤነኛና ታማሚ አድርጎ የለያቸው የምግብ ድልድሉ ብቻ ነበር።

ጎልድበርገር ከመንግሥት በተገኘ ገንዘብ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ባቄላ ጨመረላቸው። በሁለቱ ማሳደጊያዎች ከ200 በላይ ልጆች ታመው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት በሽታው ያገረሸበት አንድ ልጅ ብቻ ሆነ። በጆርጂያ ሚሌጅቪል በነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታልም ምግባቸው ከተቀየረላቸው ሕሙማን በሽታው በአንዳቸውም ላይ አልተመለሰም፤ በቀድሞው ምግብ ከቆዩት ግን ግማሽ ያህሉ እንደገና ታመሙ።

ተቺዎቹ አልረኩም። ስለዚህ በ1915 ጉዳዩን ገልብጦ ሞከረው፤ ጤነኛ ሰው በምግብ ብቻ ይታመም እንደሆነ ሊያይ ተነሣ። የሚሲሲፒ አገረ ገዥ ኧርል ብሪወር ተባበሩት። በራንኪን የእስረኞች እርሻ 12 እስረኞች፣ ሙከራውን ከጨረሱ ምሕረት እንዲያገኙ ቃል ተገብቶላቸው በፈቃዳቸው ገቡ። የሚቀርብላቸው የስንዴ ብስኩት፣ የበቆሎ ገንፎና ቂጣ፣ ሩዝ፣ ስኳር ድንች፣ ጥቂት ጎመን፣ ሞላሰስና በስኳር የጣፈጠ ቡና ነበር። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ባቄላ የለም። ምግቡ በብዛት የሚያንስ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰዎቹ ደከሙ፣ ራሳቸውን ያማቸው፣ ይነጫነጩም ጀመር። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከቀሩት 11 ሰዎች በ6ቱ ላይ የፔላግራ ቁስል ወጣ። በአጠገባቸው በዚያው እርሻ የሚኖሩ ሌሎች እስረኞች አልታመሙም። የሙከራው ተሳታፊዎችም ቃል እንደተገባላቸው ተለቀቁ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅድም፤ ለእስረኛ ነጻነትን ዋጋ አድርጎ ማቅረብ ፈቃዱን ፈቃድ አያሰኘውምና።

አሁንም «ተላላፊ ነው» የሚሉ ነበሩ። በ1916 ጎልድበርገር በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ሞከረ። የታማሚዎችን ደም በመርፌ ተወጉ፤ ከአፍንጫና ከጉሮሯቸው የተወሰደውን በገዛ አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው አስነኩ፤ የቁስላቸውን ቅርፊት፣ ሽንታቸውንና ሰገራቸውን ከዱቄት ጋር አላውሰው ዋጡ። ባለቤቱ ሜሪም የታማሚ ደም በመርፌ ተቀበለች። በሙከራዎቹ ከተሳተፉት 16 ፈቃደኞች አንድም ሰው በፔላግራ አልተያዘም።

ደመወዝ፣ ጥጥና እርሾ

ምግቡ መንስኤ መሆኑ ከታወቀ ቀጣዩ ጥያቄ «ሰዎቹ ይህን ምግብ ለምን ይበላሉ?» የሚል ነበር። ጎልድበርገር ከ1916 ጀምሮ ከኢኮኖሚ ባለሙያው ከኤድጋር ሳይደንስትሪከር ጋር በደቡብ ካሮላይና የጥጥ ፋብሪካ መንደሮች ቤት ለቤት ጥናት አካሄደ። ቤተሰቡ በሁለት ሳምንት ምን ገዛ፣ ምን ያህል ገቢ አለው፣ ላም አለው ወይስ የለውም፣ በአካባቢው ትኩስ ሥጋና አትክልት የሚሸጥ አለ ወይ፣ እያሉ መዘገቡ። ገቢው ዝቅ ባለ ቁጥር ፔላግራ ከፍ ይላል። እኩል ደመወዝ ባላቸው መንደሮች መካከል እንኳ፣ ገበሬዎች ምርታቸውን አምጥተው በሚሸጡበት መንደር በሽታው ያንሳል።

በ1920 የጥጥ ዋጋ ወደቀ። ጎልድበርገር በ1921 በሽታው ሊስፋፋ መሆኑን አስጠነቀቀ፤ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግም የሕዝብ ጤና አገልግሎቱና ቀይ መስቀል እርዳታ እንዲያዘጋጁ ጻፉ። የደቡብ ፖለቲከኞችና ጋዜጦች ግን ስማችን ጠፋ ብለው ተቆጡ፤ በእኛ ዘንድ ረሃብ የለም አሉ። የድሃው ሕመም ከመታከሙ በፊት የክብር ጉዳይ ተደረገ።

ኢኮኖሚውን መለወጥ እንደማይችል የተረዳው ጎልድበርገር ርካሽ መድኃኒት ወደ መፈለግ ዞረ። ውሾች በተመሳሳይ ጉድለት ምላሳቸው የሚጠቁርበትን ሕመም መሞከሪያ አድርጎ፣ የቢራ እርሾ ውሻውንም ሰውንም እንደሚያድን አገኘ። በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ መቶ ሺዎችን ባፈናቀለ ጊዜ ቀይ መስቀል በእሱ ምክር እርሾ አከፋፈለ። ጎልድበርገር ግን በእርሾው ውስጥ ያለውን ፈዋሽ ነገር ሳያውቀው ጥር 17 ቀን 1929 በካንሰር ሞተ። ዕድሜው 54 ነበር።

መልሱ በ1937 ተገኘ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኮንራድ ኤልቪየም ኒኮቲኒክ አሲድ፣ ዛሬ ኒያሲን የምንለው ቫይታሚን፣ የውሾቹን ሕመም እንደሚያድን አሳየ። ንጥረ ነገሩ ለኬሚስቶች አዲስ አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኒኮቲን ተሠርቶ የታወቀ ነው። ወዲያው ቶም ስፓይስና ባልደረቦቹ ለሰው ሰጡት። በ1938 ያወጡት ጽሑፍ የሚናገረው በተለይ ስለ አእምሮ ምልክቶቹ ነው፤ ሲቃዡና ሲፈሩ የነበሩ፣ ሰውና ቦታ የማይለዩ ሕሙማን መድኃኒቱን ባገኙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተረጋግተው ወደ ልቦናቸው ተመለሱ። ቆዳቸው ገና ሳይነካ በጭንቀት፣ በእንቅልፍ ማጣትና በድብርት ሲሰቃዩ የኖሩ ሰዎችም ተሻላቸው።

በ1940ዎቹ አሜሪካ በዱቄትና በዳቦ ላይ ኒያሲንና ሌሎች ቫይታሚኖችን መጨመር ጀመረች፤ የደቡቡም ኑሮ እየተሻሻለ መጣ። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያሳመመና ወደ 100 ሺህ የሚጠጉትን የገደለ እንደሆነ የሚገመተው በሽታ ከአሜሪካ ጠፋ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቀነሰ። በ1945 ደግሞ የመጨረሻው ቋጠሮ ተፈታ፤ ሰውነት ከፕሮቲን ከሚያገኘው ትሪፕቶፋን ኒያሲን መሥራት ይችላል። ወተትና እንቁላል ብዙ ኒያሲን ሳይኖራቸው እንዴት እንደሚያድኑ በዚህ ተብራራ። ይኸው ትሪፕቶፋን አንጎል ሴሮቶኒንን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃም ነው።

ከጉድለት ወደ ድባቴ

በዚያው ጊዜ ሌላ ሙከራ ተካሄደ። ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ፣ በሕሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አናነሳም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለ6 ወር በግማሽ ቀለብ አቆየ፤ ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን አውሮፓ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ከዚያ በላይ ያስደነገጠው የአእምሯቸው ለውጥ ነበር፤ ደስታ ራቃቸው፣ ከወዳጆቻቸው ሸሹ፣ በትንሽ ነገር ይቆጡ ጀመር፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። በብርታታቸው ተመርጠው የገቡ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የአእምሮ ሕክምና ፊቱን ወደ አዳዲስ መድኃኒቶች አዞረ፤ ምግብም ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረሳ። ጉድለቱ ግን ድሆች ባሉበት ይመለስ ነበር። በ1990 በማላዊ በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ላይ ከ18 ሺህ በላይ የፔላግራ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በራሽናቸው ውስጥ የኒያሲን ምንጭ የነበረው ለውዝ ስለተቋረጠ ነበር። በእኛም አገር ጓያ፣ ችግሩ የቫይታሚን ጉድለት ባይሆንም፣ በዚያው የድህነት መንገድ ሄዷል። ድርቅን ስለሚቋቋም ሌላው ሰብል ሲጠፋ ለወራት ብቻውን ይበላል፤ በውስጡ ያለው መርዝም ነርቭን ጎድቶ እግርን ያሽመደምዳል። ደንቢያና ፎገራ በ1970ዎቹ፣ ደላንታ ዳውንት በ1990ዎቹ ይህን አይተዋል። ገበሬው ጓያ እንደሚጎዳ ያውቃል፤ የሚበላው ሌላ ስለሌለው ነው።

በ2010 አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ፌሊስ ጃካ ከሺህ በላይ ሴቶችን መርምራ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሥጋ፣ ዓሣና ያልተፈተገ እህል የሚበሉት ላይ ድባቴና ጭንቀት ያነሰ መሆኑን አሳተመች። እንዲህ ያለ ጥናት ግን የትኛው እንደሚቀድም አይነግርም፤ የተከፋ ሰው ምግብ ማብሰል ሊያስጠላው ይችላል። ስለዚህ ቡድኗ ሙከራ አካሄደ፤ ውጤቱም በ2017 ወጣ። ከባድ ወይም መካከለኛ ድባቴ ያለባቸው 67 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለ12 ሳምንት ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር አመጋገባቸውን ቀየሩ፤ ግማሾቹ በዚያው መጠን የሚያጫውታቸው ሰው ተመደበላቸው። አብዛኞቹ በመድኃኒት ወይም በምክክር ሕክምና ላይ የነበሩ ናቸው። ምግባቸውን ከቀየሩት 32 በመቶው፣ ከሌሎቹ 8 በመቶው ከድባቴው ወጡ።

ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን የሙከራው ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ተሳታፊውም ምን እየበላ እንደሆነ ስለሚያውቅ ተስፋው በራሱ ሊያሽለው ይችላል። በኋላ የመጡ ሰፋፊ ሙከራዎች የበለጠ ያስጠነቅቃሉ። በ2019 ከ1,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአውሮፓ ጥናት የቫይታሚንና የዓሣ ዘይት እንክብል ድባቴን አልተከላከለም። በ2023 በ604 አረጋውያን ላይ ለ3 ዓመት የተካሄደ ሙከራ ለአንጎል ይጠቅማል የተባለው አመጋገብ ከማነጻጸሪያው ቡድን ጎልቶ የማስታወስ ኃይልን ሲያሻሽል አላገኘም።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ምንድን ነው? ፔላግራን አንድ ቫይታሚን አድኖታል፤ ድባቴ ግን ብዙ መንስኤ ያለው ሕመም ነውና ለሁሉም የሚሆን አንድ ምግብ የለውም። በድባቴ የተያዘን ሰው «ደህና አድርገህ ብላ» ብሎ መሸኘት፣ መድኃኒቱንም ማስጣል ስሕተት ነው። በሌላ በኩል አእምሮ ከሰውነት ተለይቶ ይታመማል ብሎ ማሰብ ካሳልን 200 ዓመት እንዳለመስማት ነው። የሚያዝን፣ የማይተኛ፣ የሚነጫነጭ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «ምን ትበላለህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ «የተሻለ እንዳትበላ ምን ከለከለህ?» የሚለው ጥያቄም መከተል አለበት። ጎልድበርገር የቤተሰቡን ገቢና የገበያውን ርቀት የመዘገበው ሐኪምነቱን ትቶ አልነበረም። የእንቁላልና የወተት ዋጋ፣ የትምህርት ቤት ምሳ፣ የራሽን ይዘት የአእምሮ ጤና ጉዳዮች ናቸው፤ በጀት የሚያጸድቁ ሰዎችም እንዲሁ ሊያዩአቸው ይገባል።